«መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የተባለው ሊፕስቲክ ከንፈሬን ለምን አሳከከኝ?

ጥያቄ፦ «ለዓመታት ደማቅ ቀይ ሊፕስቲክ ስቀባ ምንም ሆኜ አላውቅም። በቅርቡ ጓደኛዬ ሰው ሠራሽ ቀለም ካንሰር ያመጣል፣ ሊድ (እርሳስ) የሚባል መርዛማ ማዕድንም አለበት ብላ አስፈራራችኝ። እኔም ‹መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ ቀለም› የሚል ገዛሁ። ውሎ አድሮ ከንፈሬ ማሳከክና መላላጥ ጀመረ። ተፈጥሯዊ ሆኖ እንዴት እንዲህ ያደርጋል? ወደ ድሮው ልመለስ? ወይስ በቀይ ስር ራሴ ቤት ውስጥ ልሥራ? ለማርገዝም እያሰብን ስለሆነ ጨንቆኛል።»

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ አዲሱን ሊፕስቲክ ዛሬውኑ አቁሚ። ግን አትጣይው፣ ኋላ እንፈልገዋለን። ከንፈርሽ እስኪያገግም ድረስ ሌላ ሊፕስቲክም ሆነ ግሎስ አትቀቢ። ሽታና ቀለም የሌለው ተራ ቫዝሊን ይበቃሻል። የተላላጠውን በጥርስ መንጨትና በምላስ ማርጠብ ነገሩን ያባብሰዋል። ከንፈርሽ ወይም ምላስሽ ካበጠ፣ ሰውነትሽ ላይ ሽፍታ ከወጣ ወይም መተንፈስ ከከበደሽ ግን ይህን ማንበብ ትተሽ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። እሱ ከማሳከክ የተለየ ጉዳይ ነው። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

ሥራዬ መዋቢያ መቀመም ነው። ቀለም መመዘን፣ በዘይት መፍጨት፣ ከሰም ጋር ማቅለጥ የዕለት እንጀራዬ ነው። በዚህ ሙያ ያለ ሰው አዲስ ቀለም ሲቀርብለት ሁለት ነገር ይጠይቃል። ምን ያህል ጠርቷል? ለከንፈር ተፈቅዷል ወይ? ከተክል ይምጣ ከፋብሪካ፣ እሱ ለገበያ ሰዎች የሚጠቅም መረጃ ነው። ለከንፈርሽ ብዙም አይነግርሽም።

ይህን የምለው ሰው ሠራሹን ለመከላከል ብዬ አይደለም። ጓደኛሽ የተናገረችው ውስጥ እውነት አለ፣ እሱንም አልዘለውም። ግን ቀይ ቀለም ከተፈጥሮ ስለመጣ ብቻ ማንንም አላዳነም። በጥንት ዘመን ለመዋቢያ ከዋሉት ቀይ ቀለሞች አንዱ ሲናባር ከሚባል ማዕድን የሚገኘው ነው። ከመሬት ተቆፍሮ፣ ተፈጭቶ፣ ያለምንም ፋብሪካ። ውስጡ ያለው ግን ሜርኩሪ ነው። ማደር የሚባለው ተክል ሥርም ለዘመናት ጨርቅ ያቀለሙበት ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2004 የማደርን ቀለም ከምግብ አስወጥታለች። ምክንያቱ አይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ኩላሊት ላይ ዕጢ ማብቀሉ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወደ አንቺ ሊፕስቲክ እንምጣ። ቀይ ሆኖ «ተፈጥሯዊ» ከተባለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ካርሚንን ነው። ካርሚን ከተባይ የሚሠራ ቀለም ነው። አዎ፣ ከተባይ። ኮቺኒል የምትባል ደቃቅ ነፍሳት አለች። በበለስ ቁልቋል ላይ ተጣብቃ፣ የተክሉን ፈሳሽ እየመጠጠች ትኖራለች። ለቀለም የምትፈለገው ሴቷ ናት። ከቁልቋሉ ላይ እየተፋቀች ትሰበሰባለች፣ ትደርቃለች፣ ትፈጫለች። ከዚያ ካርሚኒክ አሲድ የተባለው ቀይ ነገር በውኃ ይወጣና ከአልሙኒየም ጨው ጋር ተዋሕዶ የማይሟሟ ዱቄት ይሆናል። ካርሚን የሚባለው ይህ ዱቄት ነው። በብዛት የምታመርተው ፔሩ ናት። አንድ ኪሎ ለማግኘት ከመቶ ሺህ በላይ ነፍሳት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ርካሽ ሆኖ «በካርሚን የተሠራ» የሚል ነገር ካየሽ ሁለት ጊዜ አስቢ።

እውነቱን ለመናገር እንደ ቀማሚ ካርሚንን እወደዋለሁ። ሙቀት አይበግረውም፣ ብርሃን ላይ በቀላሉ አይደበዝዝም። ቀይነቱም ጥልቀት አለው፣ ከሌላ ቀለም ደባልቆ እሱን ለመምሰል ብዙ ያደክማል። ችግሩ ከነፍሳቷ የተረፈ ፕሮቲን አብሮት ሊመጣ መቻሉ ነው። ብዙ ሰው ምንም አይሆንም። ጥቂቶች ላይ ግን አለርጂ ያስነሳል፦ የከንፈር እብጠት፣ ሽፍታ፣ አልፎ አልፎም ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ አናፊላክሲስ የሚባል ከባድ አለርጂ። ድንገተኛ ክፍል ሂጂ ያልኩሽ ለዚህ ነው። እንዲህ ያሉ ሪፖርቶች በመብዛታቸው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ በ2009 ደንብ አወጣ። ከጥር 2011 ጀምሮ ምግብም ሆነ መዋቢያ ካርሚን ወይም የኮቺኒል ጭማቂ ካለበት በስሙ ተጽፎ እንዲታይ ግዴታ ሆነ። ከዚያ በፊት ምግብ ላይ «ቀለም ተጨምሮበታል» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር።

የካርሚን ሌላ ታሪክም አለው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል የተኙ ሰዎች ሳልሞኔላ ያዛቸው። ምንጩ ሲፈለግ ለምርመራ የዋጡት የካርሚን ካፕሱል ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ደንቡ ካርሚን ሳልሞኔላን በሚገድል መንገድ መታከም አለበት ይላል። ከቁልቋል ላይ የተፋቀ ነገር መሆኑን ስታስቢው አያስገርምም።

እንዲህም ሆኖ ጥፋተኛው ካርሚን ነው ብለሽ አትደምድሚ። አንቺ የገለጽሽው ማሳከክና መላላጥ ነው፣ ቀስ ብሎም ነው የመጣው። የካርሚን አለርጂ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይነሳል፣ እብጠትም ይቀናዋል። ቀስ ብሎ የሚመጣ መላላጥ የንክኪ አለርጂ ይመስላል። እዚያ ላይ ደግሞ ተጠርጣሪው ከቀለሙ ይልቅ ሌላው ነው። ሽቶው፣ የፔፐርሚንት ወይም የቀረፋ ዘይቱ፣ ከንቦች የሚገኘው ፕሮፖሊስ፣ ከበግ ፀጉር የሚወጣው ላኖሊን፣ እንዲያውም የጉሎ ዘይቱ ሊሆን ይችላል። «ተፈጥሯዊ» የሚባሉ ምርቶች ደግሞ መዓዛ ባላቸው የተክል ዘይቶች መሞላት ይወዳሉ። ለአፍንጫ ደስ ይላል። ቀጭን የሆነው የከንፈር ቆዳ ግን ብዙ ጊዜ አይችለውም። ስንት ሰው ነው ቀለሙን ረግሞ ሊፕስቲክ የሚቀያይረው፣ ጥፋቱ የሽቶው ሆኖ ሳለ!

ተፈጥሯዊ ተብለው ስለሚሸጡት ማዕድኖችም አንድ ነገር ልበል። ቡናማ፣ ጡብማ ቀይና «ኑድ» የሚባሉት ቀለሞች በአብዛኛው የብረት ዝገት ናቸው። በሙያው አይረን ኦክሳይድ እንላቸዋለን፦ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። ከመሬት በቀጥታ ሊቆፈሩ ይችላሉ። ግን ከመሬት የወጣ ዝገት ሊድም አርሴኒክም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ለመዋቢያ የሚውለው ፋብሪካ ውስጥ የተሠራው ነው። ኤፍዲኤ ለአይረን ኦክሳይድ ያስቀመጠው ጣሪያ በሚሊዮን እጅ ሲሰላ ሊድ 10፣ አርሴኒክ 3፣ ሜርኩሪ 3 ነው። ይህን የሚያሟላ ዝገት ከድንጋይ ቆፍሮ ማግኘት ይከብዳል። «ማዕድናዊ፣ ተፈጥሯዊ» የሚለውን ማስታወቂያ ስታነቢ ይህን አስታውሺ። እዚህ ላይ ፋብሪካው ባለውለታሽ ነው።

ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ደማቁን ቀይ ወደ ሮዝ የሚያለሰልሰው እሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ከምግብ ውስጥ አስወጥቶታል፣ መዋቢያ ላይ ግን አሁንም የተፈቀደ ነው። እኔ ለሊፕስቲክ ብዙም አልሰጋበትም።

አሁን ጓደኛሽ ወዳስፈራራችሽ ነገር እንሂድ።

ሰው ሠራሽ ቀለሞች ድሮ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ፣ ዛሬ በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ ይሠራሉ። አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ቀለሞች በየምርታቸው ይመረመራሉ። አምራቹ እያንዳንዱን ዙር ናሙና ለኤፍዲኤ ይልካል፣ ኤፍዲኤ በራሱ ላቦራቶሪ ያየዋል። ካለፈ ቁጥር ይሰጠዋል። ካላለፈ ለመዋቢያ አይውልም። ካርሚን፣ አናቶ የተባለው የተክል ቀለም፣ አይረን ኦክሳይድ፣ ማለትም ከተፈጥሮና ከማዕድን የሚመጡት፣ ከዚህ የየዙር ፍተሻ ነፃ ናቸው። ጥራታቸውን መጠበቅ ለአምራቹ ይተዋል። አየሽ? የምንፈራው ነው በጥብቅ የሚፈተሸው። የምናምነው በአምራቹ ቃል ያልፋል። ይህን ለደንበኞች ስነግራቸው ብዙዎች አያምኑኝም።

ደማቅ ቀይ ሊፕስቲክ ላይ ደጋግመሽ የምታገኚው ሬድ 7 የተባለው ሰው ሠራሽ ቀለም ነው። አሮጌው ሊፕስቲክሽ ውስጥም ሳይኖር አይቀርም። ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ደቃቅ ጠጣር ሆኖ ሰሙ ውስጥ ተበትኖ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ በቀላሉ በቆዳ በኩል አይሰርግም። ይኸው ቀለም በአውሮፓ ኢ180 ተብሎ ለሚበላ የአይብ ልጣጭ ተፈቅዷል። ለሊፕስቲክ በሚገባው መጠን፣ ከተፈተሸ ምርት የመጣውን፣ እኔ ያለ ሐሳብ እጠቀምበታለሁ።

ግን ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የታገዱ አሉ። በ1987 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኦሬንጅ 17 እና ሬድ 19 የተባሉ ሁለት ቀለሞችን ጉዳይ አየ። ኤፍዲኤ አደጋቸው ከቁጥር የማይገባ ነው ብሎ ሊፈቅዳቸው ነበር። በስሌቱ መሠረት የሬድ 19 የካንሰር አደጋ ከ9 ሚሊዮን ሰው አንድ፣ የኦሬንጅ 17 ደግሞ ከ19 ቢሊዮን አንድ ነው። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም። የአሜሪካ ሕግ ሰው ወይም እንስሳ ላይ ካንሰር የሚያመጣ ቀለም በማንኛውም መጠን አይፈቀድም ይላልና። ከዚያም ሬድ 3 አለ። በ1990 ከመዋቢያ ታገደ፣ ምክንያቱ ወንድ አይጦች ላይ የታይሮይድ ዕጢ ማሳየቱ ነው። ለምግብ የነበረው ፈቃድ ግን የተሰረዘው በ2025 ነው። ለከንፈር የከለከሉትን ከረሜላ ላይ 35 ዓመት ተዉት። እኔ ይህን እንደ ቀልድ ነው የማየው፣ ግን እውነት ነው።

አንዳንዶቹ ደግሞ አሉ፣ በመጠን ተገድበው። ሬድ 33 በአሜሪካ ሊፕስቲክ ውስጥ ከመቶ 3 እጅ መብለጥ አይችልም። ይህ ቀለም ሲሠራ ቤንዚዲን የተባለ ካንሰር አምጪ ነገር ጭላንጭል ሊቀርበት ይችላል። ፍተሻው የሚፈልገው ያንን ነው፣ የሚለካውም በቢሊዮን እጅ ነው። ሳይፈተሽ የተሸጠ ቀለም ላይ ይህን ማን ያይልሻል?

የንጽሕናን ነገር ኢዮሲን የተባለው ቀለም ጥሩ አድርጎ ያሳያል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ «የማይለቅ» ሊፕስቲክ በእሱ ይሠራ ነበር። የብዙ ሴቶች ከንፈር ቆሰለ፣ ሐኪሞችም ቀለሙን ከሰሱ። ኋላ ሲጣራ ብዙውን ጥፋት የሠራው ቀለሙ ውስጥ የነበረው ቆሻሻ ነው። ጠርቶ ሲሠራ ችግሩ በጣም ቀነሰ። የእሱ ዘመዶች ዛሬም አሉ። ትዩቡ ውስጥ ነጭ ወይም አረንጓዴ መስሎ ከንፈር ላይ ሮዝ የሚሆነው «አስማተኛ» ሊፕስቲክ የእነሱ ሥራ ነው። የከንፈርሽ እርጥበትና አሲድነት ነው ቀለሙን የሚቀሰቅሰው። እንደሚወራው ስለ ጠባይሽ የሚናገር ነገር የለውም።

ሊድን በተመለከተ ቁጥሩን እናስላ። ጭንቀትን እንደ ቁጥር የሚያስታግስ የለም።

ሊድ ማንም ሆን ብሎ ሊፕስቲክ ውስጥ አይጨምረውም። ከማዕድን ቀለሞች ጋር እንደ ጭላንጭል ይገባል። ኤፍዲኤ ገበያ ላይ ያሉ 400 ሊፕስቲኮችን አስመርምሮ ውጤቱን ይፋ አድርጓል። አማካዩ በሚሊዮን 1.11 እጅ ነው፣ ከፍተኛው 7.19። የአውሮፓ የሸማቾች ደኅንነት ሳይንሳዊ ኮሚቴ ስሌት ሲሠራ አንዲት ሴት በቀን 57 ሚሊግራም ሊፕስቲክ ትቀባለች ብሎ ይወስዳል። ይህ በቀን ሁለት ሦስቴ የመቀባት ያህል ነው። ሁሉንም ዋጥሽው እንበል። በአማካዩ ሊፕስቲክ ወደ ሆድሽ የሚገባው 0.06 ማይክሮግራም ገደማ ሊድ ነው። በከፍተኛው 0.41። ኤፍዲኤ ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ከምግብ ለሚገባ ሊድ መነሻ አድርጎ የያዘው ቁጥር በቀን 8.8 ማይክሮግራም ነው። ስለዚህ አማካዩ ሊፕስቲክ የዚህን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። መጥፎው ከመቶ 5 እጅ ገደማ ነው።

ሊድ ምንም አይጎዳም የሚባል መጠን የለውም። ስለዚህ «ትንሽ ናት» ብሎ መተው የሙያ ሥነ ምግባር አይደለም። ጥሩ አምራች ዝቅ ያደርገዋል፣ ማድረግም ይቻላል። ኤፍዲኤ ለመዋቢያ ያቀረበው ጣሪያ በሚሊዮን 10 እጅ ነው። ጀርመን ውስጥ ለአብዛኛው መዋቢያ በቴክኒክ ሊደረስበት ይችላል ተብሎ የተያዘው 2 ነው። ከሁለቱ የትኛውን እንደምመርጥ መገመት አያቅትሽም። ግን «ሊፕስቲክ በሊድ ይመርዛል» ብሎ የሚያስፈራራሽ ሰው መጠኑን አልነገረሽም።

ስለ ሊድ ሲወራ የወርቅ ቀለበቷ ወሬ መምጣቷ አይቀርም። ሊፕስቲኩን እጅሽ ላይ ቀቢ፣ በወርቅ ፈትጊው፣ ከጠቆረ ሊድ አለበት ትላለች። ውሸት ነው። ብረት ደረቅ የማዕድን ዱቄት ላይ ሲፈተግ ጥቁር መስመር ይተዋል። መስመሩ ከቀለበትሽ የተፋቀ ነው። በሚሊዮን አንድ እጅ የሆነን ነገር ዓይን አያየውም፣ መሣሪያ ብቻ ነው የሚያየው።

እንግዲህ የቀይ ስሩ ነገር። ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ ስለዚህ ምን እንደሚሆን ላሳይሽ። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ የጉሎ ዘይት ጠብ አድርጊና የቀይ ስር ዱቄት ጨምሪበት። በማንኪያ ጀርባ እሺው። አይዋሐድም። ዘይቱ ዘይት ሆኖ፣ ዱቄቱ እንደ አሸዋ ሆኖ ይቀራል። ከንፈርሽ ላይ ብትቀቢው ይቆረቁራል፣ ቀለም አይሰጥም። አሁን በጣትሽ አንድ ጠብታ ውኃ ጣል አድርጊበት። ወዲያው ቀዩ ይፈሳል። የቀይ ስር ቀለም ውኃ ነው የሚወደው፣ ሊፕስቲክ ግን ዘይትና ሰም ነው። በዚያ ላይ ሰሙን ለማቅለጥ ስታሞቂው ቀለሙ ይበላሻል፣ ወደ ቡናማ ይሄዳል። የተረፈውንም ብርሃን ያደበዝዘዋል።

«እሺ፣ በውኃ አድርጌ ልሥራው» ካልሽ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ውኃና የተክል ስኳር ባለበት ሻጋታና ባክቴሪያ ይፈላሉ። ያለ መከላከያ የተሠራ ነገር በቀናት ውስጥ ይበላሻል። ለአንድ ምሽት ከንፈርሽን በቀይ ስር ጭማቂ ብታቀይው ምንም አይልሽም። አሁን እንደተላላጠ ግን እሱንም ተዪው። አንድ ወር የሚያገለግል ሊፕስቲክ ግን ከእሱ አይወጣም።

እርድን የሚያስቡም አሉ። እርድ በአንዳንድ አገሮች ቢጫነቱ እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት ተጨምሮበት መገኘቱ የታወቀ ነው። ከሊድ ሸሽቶ ሊድ ላይ መውደቅ ማለት ይህ ነው። ሂናን ኤፍዲኤ ለፀጉር ብቻ ነው የፈቀደው፣ ለከንፈር የለበትም። ዘይት ውስጥ የሚሟሟ የተክል ቀለም ከፈለግሽ አናቶ አለ። ግን ብርቱካናማ ነው፣ እሱም አለርጂ ያመጣባቸው ሰዎች አሉ።

እኔን በእውነት የሚያስፈራኝ ፎርጅድ ሊፕስቲክ ነው። ፍርድ ቤት የደረሰው ሬድ 19 ትዝ ይልሻል? ሌላ ስሙ ሮዳሚን ቢ ነው። ጨርቅና ወረቀት ያቀልማል፣ በጣም ደማቅ ሮዝ ነው፣ ርካሽ ነው። ተቆጣጣሪዎች በሕገወጥ መዋቢያ ውስጥ ደጋግመው የሚያገኙት እሱን ነው። በሕግ የወጣው በጓሮ በር ተመልሷል። ከንፈርሽን ከታጠብሽ በኋላ አንድ ሁለት ቀን የማይለቅ፣ ከሚገባው በላይ የሚያበራ ሮዝ ቀለም ካየሽ፣ አምራቹም የማይታወቅ ከሆነ አትንኪው። «ኦርጅናል ነው» የሚል ቃል ማረጋገጫ አይሆንም። የምርት መለያ ቁጥር፣ የአምራች አድራሻና የንጥረ ነገር ዝርዝር ከሌለው ቢሰጡሽም አትውሰጂ።

ዝርዝሩን ስታነቢ ቀለሞቹን መጨረሻ ላይ ታገኛቸዋለሽ። ብዙ ጊዜ «ሊይዝ ይችላል» ከሚለው ቃል ወይም ከመደመርና መቀነስ ምልክት በኋላ ነው የሚደረደሩት። ሲአይ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላትና አምስት አሃዝ ያለው ቁጥር ይኖራቸዋል። ዘዴዋ ይህች ናት። በ75 የሚጀምር ከተክል ወይም ከእንስሳ የመጣ ዓይነት ነው፣ 75470 ካርሚን ነው። በ77 የሚጀምር ማዕድን ነው፦ 77491 ቀዩ ዝገት፣ 77891 ነጩ ቲታኒየም። ከዚያ በታች ያሉት ሰው ሠራሽ ናቸው፦ 15850 ሬድ 6 እና ሬድ 7፣ 45410 ያ ሮዝ የሚሆነው አስማተኛ፣ 19140 የሎው 5። «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» በተባለው ሊፕስቲክሽ ላይ 15850 ብታገኚ አትደነቂ። እኔ አይቻለሁ። በአንጻሩ «ሊይዝ ይችላል» የሚለው ዝርዝር ለሁሉም የቀለም ዓይነቶች በአንድ ላይ ስለሚታተም አንቺ የገዛሽው ሁሉንም ላይይዝ ይችላል።

ስለ እርግዝናው። ሊድ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ይደርሳል፣ ስለዚህ መጠንቀቅሽ ልክ ነው። ግን ቁጥሩን አይተሻል። ሊፕስቲክ መተው አይጠበቅብሽም። የታወቀ አምራች፣ የተሟላ ዝርዝር ያለውን ምረጪ። ከምግብ በፊት በሶፍት ጥረጊው፣ ቀኑን ሙሉ እየደራረብሽ አትቀቢ። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅምሽ የደም ብረትሽን ማስመርመር ነው። ሰውነት ብረትና ካልሲየም ሲያንሰው ሊድን አብዝቶ ይመጥጣል። ሊድ ደግሞ ከሊፕስቲክ ይልቅ ከአሮጌ የቤት ቀለም፣ ከአንዳንድ የሸክላ ዕቃ ማንጸባረቂያ ቅብና ከውኃ ቧንቧ ነው በብዛት የሚመጣው። ስትሰጊ ለዚያ ስጊ።

ልጁ ተወልዶ ሲያድግ ደግሞ ሊፕስቲኩ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። አንድ ሊፕስቲክ 3 ግራም ተኩል ገደማ ነው። ሕፃን ሙሉውን ቢበላው፣ በአማካዩ ስሌት ወደ 4 ማይክሮግራም ሊድ ይገባዋል። ለሕፃናት የተያዘው የቀን መነሻ ቁጥር 2.2 ነው። አንድ ጊዜ ቢደርስ አትደናገጪ፣ መጫወቻ ግን አታድርጊለት።

ከንፈርሽ ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ ወደ ድሮው ሊፕስቲክሽ መመለስ ትችያለሽ። ለዓመታት ተስማምቶሻል፣ ከዚያ የተሻለ ምስክር የለም። ቢሆንም መጀመሪያ በክንድሽ ውስጠኛ ክፍል፣ ክርንሽ አጠገብ፣ ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት ቀቢው። ካልቀላና ካላሳከከ ወደ ከንፈርሽ ውሰጂው። ትዩቡ አሮጌ ከሆነ፣ ሽታው ከተለወጠ ወይም ላብ የመሰለ ጠብታ ካወጣ ግን አዲስ ግዢ። ያበጠሽ ወይም ሽፍታ የወጣብሽ ከሆነ ይህን ሙከራ በቤትሽ አትሞክሪው፣ በተለይ በአዲሱ።

መላላጡ በሁለትና ሦስት ሳምንት ካልተወሽ ወይም ከተመለሰብሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። ፓች ቴስት ይሠራልሻል። የተጠረጠሩት ነገሮች ጀርባሽ ላይ ተለጥፈው ከ48 ሰዓት በኋላ ይነሳሉ፣ ከዚያም አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ እንደገና ይታያል። ሁለተኛውን ቀጠሮ አትዝለይው፣ ዘግይቶ የሚቀላ ብዙ ነው። ካርሚንን በተመለከተ ቆዳን በመርፌ ጫፍ ጫር በማድረግ የሚሠራ ምርመራ ወይም የደም ምርመራ ሊያዝልሽ ይችላል። ስትሄጂ ሁለቱንም ሊፕስቲኮች ከነካርቶናቸው ያዢ። ካርቶኑን ጥለሽው ከሆነ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ዝርዝሩን ፈልጊ፣ ከነምርት መለያ ቁጥሩ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ሊፕ ባልም፣ የጥርስ ሳሙናና የአፍ ማጠቢያ ቀይረሽ እንደሆነም ለሐኪሙ ንገሪው፣ ከንፈርን የሚያላልጡት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።